የአሥራ አንድ ሰከንድ ፊት

ይህ የሆነበትን አገር ስም መጥራት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ ስሙን ስለ ሰሙ ብቻ አያውቁትም። እኔ በዚያ አገር የፊልም ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝጋቢ ነበርሁ። ፊልም የሚቀረጸው ተቆራርጦ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የተቀረጸውና ከሦስት ቀን በኋላ የተቀረጸው አንድ ላይ ተሰፍቶ የአንድ ደቂቃ ወግ ይሆናል። ስለዚህ በመካከሉ የጎደለ ሻይ መልሶ እንዳይሞላ፣ የተቆለፈ አዝራር ተከፍቶ እንዳይገኝ፣ ከካሜራው ኋላ ተቀምጦ ሁሉን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ያላየችውን አትጽፍም ተብዬ ሁለት ጊዜ ተመስግኛለሁ። ወደዚህ ምስጋና ኋላ እመለሳለሁ።

በአገሩ ሕግ ለአንድ ፊልም የሚፈቀደው አራት ፊት ነው። ለምን አራት እንደ ሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር አላገኘሁም። አንዳንዶች ቀድሞ ተመልካቹ ፊት በዝቶበት ማን ማን እንደ ሆነ ስለ ጠፋበት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሕጉን ያወጡት ሹም አራት ልጆች ስለ ነበሯቸው ነው ይላሉ። አራቱን ፊት የሚያድሉት ባለሥልጣን የፊት ሹም ይባላሉ። የቀሩት ተዋንያን በጀርባቸው ይሠራሉ። ሥራቸው የሚናቅ አይደለም። ባለፊቱ ተዋናይ ሲናገር በምስሉ ጠርዝ የአድማጩ ትከሻና ማጅራት ካልታየ፣ ሰውየው ለብቻው የሚያወራ ይመስላል፤ ለብቻው የሚያወራ ሰው በዚያ አገር ወይ እብድ ነው ወይ ሹም፣ ሁለቱንም በፊልም ማሳየት ደግሞ ክልክል ነበር። እነዚህን የጀርባ ተዋንያን ሰው ሁሉ በአጭሩ «ትከሻ» ይላቸው ነበር።

ሲራክ ይመኑ ትከሻ ሊሆን አልመጣም። በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ቆሞ እህል ሲመዝን የኖረ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በመስተዋት ፊት መሳቅና ማልቀስ ተለማምዶ ከፊት ሹሙ ዘንድ ቀረበ። ሳቀላቸው፤ ቀጥሎም አለቀሰላቸው።

«አየሁት» አሉ ሹሙ። «ክፉ ፊት አይደለም። ግን ይህን የመሰለ ስንት እንዳለኝ ብታውቅ! በል፣ በሰላም ሂድ።»

ሲራክ እጅ ነሥቶ ዞረ። ደጃፉ ላይ ሳይደርስ ሹሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ቁም! እንዳትነቃነቅ!» ጸሐፊዎቻቸውን ጠሩ። «ኑ፣ ኑ እዩልኝ! ይህ ማጅራት አዝኗል እኮ!»

በእርግጥም አዝኖ ነበር። በዚያው ቀን ተቀጠረ።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ስድስት ዓመት ሲራክ ባለዕዳ፣ ቄስ፣ ሐኪም፣ አማች፣ ወንጀለኛ፣ ዳኛ ሆነ፤ ሁሉንም በጀርባው። በአንድ ፊልም ላይ ስመ ጥሩው ባለፊት ናሁሠናይ የእናቱን መርዶ በደብዳቤ ሲያነብ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሲራክ ቀኝ ትከሻውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገ። አዳራሹ በልቅሶ ተናጋ። ለዚያ ልቅሶ ናሁሠናይ ሜዳይ ተሸለመ። በመዝገቤ ላይ ያለው «ቀኝ ትከሻ፣ ሁለት ጣት ዝቅ» የሚል ብቻ ነው።

በመንገድ ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነበር። «እንዴ! አሁን ያለፈው እሱ አይደለም?» እያሉ ይከተሉታል። ሮጠው ይደርሱበትና ትከሻውን መታ ያደርጉታል። ዞሮ ሲያያቸው ግን ደንገጥ ይላሉ፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሌላ ሰው መስለኸን ነው» ብለው ይመለሳሉ። ሲራክ መጀመሪያ መጀመሪያ ሊያስረዳቸው ይሞክር ነበር። ኋላ ግን እሱም ይጠራጠር ጀመር።

ሚስቱ ትርንጎ ሸሚዝ ሰፊ ናት። የባሏን ኮሌታ ከሌላው ሰው በግማሽ ጣት ዝቅ አድርጋ ትሰፋለች፤ ማጅራቱ እንዲታይ። ጎረቤቷ ሸጊቱ ሐሙስ ሐሙስ የቴሌቪዥን ድራማ ሊያዩ ሲሰበሰቡ ነገር ትፈልጋት ነበር።

«ትርንጎ፣ ባልሽ ዛሬም ግድግዳ ሆኖ ዋለ?»

«ግድግዳውን ያየሽ እንደ ሆነ፣ ያንቺ ናሁሠናይ ምን ተደግፎ እንደሚያለቅስ ገብቶሻል ማለት ነው።»

ነገሩ በዚህ መልክ ተመቻችቶ ይኖር ነበር፤ የመታወቂያ አዋጅ ባይወጣ። አዋጁ አጭር ነው፦ ሰው የሚታወቀው ሕዝብ በሚያውቀው መልኩ ነው። ስለዚህ በፊልም የታየ ሰው ሁሉ የመታወቂያው ፎቶግራፍ ከፊልሙ እንዲወሰድ ታዘዘ። የናሁሠናይ መታወቂያ ሲያለቅስ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ በየበሩ ካላለቀሰ አያስገቡትም ነበር፤ ያለቅሳል፣ ይገባል። የሲራክ መታወቂያ ማጅራት ነው። ዘበኛው ካርዱን ይቀበለዋል፣ ሲራክ ይዞራል፣ ዘበኛው ማጅራቱን ከማጅራቱ ያመሳክርና «ይለፉ» ይለዋል። ይህንንም ለመደው።

ያልለመደው የሐኪም ቤቱን ነው። ትርንጎ የሐሞት ጠጠር ታማ ለቀዶ ሕክምና ተኛች። በሐኪም ቤቱ ደንብ፣ ለታማሚው ደኅንነት ሲባል፣ ታማሚው የሚያየው በመታወቂያው ላይ ያለውን መልክ ብቻ መሆን አለበት። ሲራክ በር ላይ ማጅራቱን አሳይቶ ከተመሳከረለት በኋላ፣ ማጅራቱን ወደ ውስጥ አድርጎ አሥራ ሁለት አልጋ ወደ ኋላ እየተራመደ አለፈ። ሁለቱን አልጋዎች ገጭቷል።

«ማነው ይሄ ወደ ኋላ የሚመጣብኝ?» አለች ትርንጎ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ መሆንህንማ አውቄያለሁ፤ ኮሌታውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለምን ወደ ኋላ ትመጣለህ ነው የምልህ።»

አስረዳት። ዘበኛው ከበሩ ላይ ስለሚያይ ጀርባውን ሰጥቷት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሷ እጁን ፈልጋ ያዘች፤ ለመያዝ ግን እጁን ወደ ኋላ መጠምዘዝ ነበረበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲህ አለችው፦ «ክረምቱ ሲወጣ ደግመው ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል። ሐኪሙ ነግሮኛል። ያን ጊዜ አደራህን፣ ፊትህን ይዘህ ግባልኝ። ቤት ያለውን ፊት። ስፈራ የማየው እሱን ነው።»

ሲራክ ቃል ገባላት። ቃል የገባው ወደ በሩ እያየ ነበር።

የመታወቂያው መልክ የሚለወጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፊቱ አንድ ጊዜ በፈቃድ ለሕዝብ ሲታይ። ሲራክ ወደ ፊት ሹሙ ሄደ።

«ክቡርነትዎ፣ ብዙ አልጠይቅም። መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ያህል ብቻ ነው።»

«ልጅ ሲራክ» አሉ ሹሙ፤ ሲራክ ያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። «ስንት ፊት አለኝ? አራት። ስንት ሰው ፊት አለኝ ብሎ ይመጣል? ሁሉም። አንተ ደግሞ ያለህ ማጅራት የአገር ሀብት ነው። ማነው እሱን በፊት የሚለውጥ?»

ማመልከቻውን ጽፎ ትቶላቸው ወጣ። ክረምቱ ገባ። ከዚያም የናሁሠናይ ጥርስ አበጠ።

ይህ ከሲራክ ጉዳይ ጋር ምን እንዳገናኘው ላስረዳ። በዚያ ጊዜ ሕዝቡ ሰባት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የሚያየው የሁለት ወንድማማቾች ድራማ ነበር። ታናሹ ናሁሠናይ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ጥፋት አጥፍቶ ማዕድ ቤት ይገባና ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ላይ ለተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ይናዘዛል። ታላቁ ሲራክ ነው። ሰባት ዓመት አልዞረም። የመጨረሻው ክፍል ሊቀረጽ ሁለት ቀን ሲቀረው የናሁሠናይ ጉንጭ እንደ ድንች አበጠ። የፊት ሹሙ መጥተው ያበጠውን ፊት ከተፈቀደው ፊት ጋር አመሳክረው «ይህ ያልተፈቀደ ፊት ነው» ሲሉ አገዱት። በዚህ ምክንያት አንድ ፊት ተራፊ ሆነ። ለተራፊ ፊት ደግሞ ሕግ አለ፤ ባለቤት ሳያገኝ ከዋለ ሹሙ ይጠየቁበታል።

ለሲራክ የአሥራ አንድ ሰከንድ ፊት ተፈቀደለት። ታናሹ ከውጭ ሆኖ በድምፅ ብቻ ይናዘዛል፤ ታላቁ በመጨረሻ ይዞራል።

ከቀረጻው በፊት እንደ ልማዴ ከኋላው ቆሜ ኮሌታውን አስተካክል ነበር።

«መዝጋቢት» አለኝ፤ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «ከዞርኩ በኋላ ፊቴን ምን ላድርገው?»

«ጋሼ ሲራክ፣ ጽሑፉ ላይ ‹ይዞራል› ነው የሚለው።»

«መዞሩንማ እዞራለሁ። ከዚያስ? ሰው ፊቱን ምን ያደርገዋል? ወፍጮ ቤት ሳለሁ አውቀው ነበር። አሁን ጠዋት በመስተዋት አየሁት፤ እሱም የሚያየኝ ምን ልታዘዝ ብሎ ነው።»

«ኮሌታዎ ተስተካክሏል» አልሁት።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። የናሁሠናይ ድምፅ ተናዘዘ። ሲራክ በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። አንዲት የመብራት ሠራተኛ «ውይ!» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ ዓይን አለኝ። ሲዞር ያየሁት የኮሌታውን ስፌት ነው፤ ስፌቱ ወደ ግራ ይዞር ይሆን ወይ ብዬ። ቀና ስል አሥራ አንዱ ሰከንድ አልቋል። በመዝገቤ ላይ «ዞረ። ኮሌታው ቀጥ ያለ» ብዬ ጻፍሁ።

ሐሙስ ድራማው ታየ። ዓርብ ጠዋት ከተማው ተነሣ።

«ታላቅ ወንድማችንን የት አደረሳችሁት?» እያለ ሕዝቡ ከፊልም ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። ሰባት ዓመት የሚያውቁት ሰው በመጨረሻዋ ቀን ጠፍቶ፣ በቦታው የማያውቁት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበርና። አንዳንዶቹ ጥቁር ለብሰው መጡ። ማጅራቱ ያለበት ወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ከሥሩ «ያያችሁ ጠቁሙን» ይላል። ጎረቤቷ ሸጊቱ ራሷ ወረቀቱን ስታድል ዋለች። ሲራክ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ አንዲት የማያውቃት ሴት ወረቀቱን ሰጠችው።

«አባባ፣ ይህን ሰው አላዩትም?»

ሲራክ ወረቀቱን አስተውሎ አየው። «አይቼው አላውቅም» አላት። እውነቱን ነው፤ የራሱን ማጅራት በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይቶ አያውቅም።

በሳምንቱ በሰው ቦታ ተቀምጦ ዞሯል ተብሎ በመልክ ሸንጎ ፊት ተከሰሰ። ሦስት ዳኞች ነበሩ። ሲራክ «እሱ እኔ ነኝ» አለ። ዳኞቹ ይህን የሚሉ በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ሰዎች መጥተዋልና አልተቀበሉትም። ትርንጎ ለምስክርነት ተጠራች።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«ባሌ ነው።»

«በየት በኩል ነው የሚያውቁት?»

«በየት በኩል ማለት?»

«ከፊት ነው ከኋላ?»

«ዙሪያውን» አለች።

በሸንጎው ሳቅ ሆነ። ጸሐፊው ግን ተጨነቀ፤ በቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሣጥኖች «ከፊት» እና «ከኋላ» የሚሉ ብቻ ናቸው። ቃሏ ለመመዝገብ ስላልተመቸ እንዳልተሰጠ ተቆጠረ። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ።

«መዝጋቢ፣ በመዝገብሽ የምትታመኚ መሆንሽን ሰምተናል። ዞሮ የታየው ፊት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመዘገብሽው ሰው ፊት ነው?»

ሰውየው ሲራክ መሆኑን አውቃለሁ። ኮሌታውን በእጄ አስተካክያለሁ። ነገር ግን የተጠየቅሁት ስለ ፊቱ ነው፤ ፊቱን ደግሞ አላየሁትም። ቃሉን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ መዘንሁት።

«ያየሁት ኮሌታውን ነው» አልሁ። «ስለ ፊቱ የጻፍሁት የለም።»

በቃሌ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ አንዲት ሐሰት አላገኘሁበትም። ስወርድ ሲራክን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሲራክ ሊወጣ ዞረ። ያን ጊዜ ከአዳራሹ አንዲት ሴት «እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ብድግ አለ። ዳኞቹም ተነሡ፤ የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ማጅራቱ እንደዚያን ቀን አዝኖ አያውቅም። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ የጠፋው ሰው በመገኘቱ ሸንጎው ደስ ብሎታል፤ የማይታወቀው ሽማግሌ አሥራ አንድ ሰከንድ ከድራማው ተቆርጦ ይጣልና እንዳልታየ ይቆጠር፤ ሲራክ ይመኑም ለሕዝብ ሰላም ሲባል ከእንግዲህ በአደባባይ እንዳይዞር። ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞት ቤቱ አደረሰው፤ ፊቱ ወደ መጣበት መንገድ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ትርንጎ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ተኛች። ይህን የሰማሁት ከሸጊቱ ነው። ለምን ልጠይቃት እንደ ሄድሁ እስከ ዛሬ አጥርቼ አላውቅም፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ሄድሁ። ዘበኛው የተራ ሰው መታወቂያዬን አይቶ አሳለፈኝ። አሥራ ሁለተኛው አልጋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኖቹ ትንንሽ፣ አንደኛው ቅንድቡ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ፊት አላስታውስም።

«አባት፣ የወይዘሮ ትርንጎ አልጋ የትኛው ነው?»

«መዝጋቢት» አለኝ።

ድምፁን አወቅሁት።

«ማናት?» አለች ትርንጎ ከኋላው።

«መዝጋቢዋ ናት።»

«ምን ቀራት? ኮሌታህን ልታይ መጥታ ነው? ንገራት፣ በሰላም ነው የተሰፋው።» ድምፏ ደክሟል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊወስዷት ነው። ከትከሻው በላይ አንገቷን ዘርግታ ስታየኝ አየሁ፤ እኔን እንጂ እሱን ልታይ እንደማትችልም አየሁ። እኔ ሳልፈልገው ያ ፊት በሙሉ ከፊቴ ተቀምጧል፤ የፈለገችው ደግሞ ማጅራት ታያለች።

ዘበኛው መቆማችን ስለ ረዘመበት ከበሩ መጣ። «ምንድነው? እህቴ፣ ሰውየውን አታውቂውም እንዴ?»

አውቀዋለሁ ብል ነገሩ እንዳለ ይቀራል። ቃሉን መዘንሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ መዝኜ አላውቅም።

«አላውቀውም» አልሁ።

«እንደገና!» አለች ትርንጎ። «አበስኩ ገበርኩ! ይች ሴት ዛሬም?»

«አላውቀውም» አልሁ ለዘበኛው፤ የፊልም ቤቱን መታወቂያዬን አወጣሁ። «መዝጋቢ ነኝ። ጥርጣሬ አለኝ። ማጅራቱ ከካርዱ ጋር ይመሳከርልኝ።»

«በር ላይ አመሳክሬያለሁ እኮ።»

«እኔ አላመሳከርሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።»

ዘበኛው ራሱን አከከ። ደንቡን በልቡ ሲያገላብጥ ቆየ፤ ጥርጣሬ ካለ ማጣራት ይቀድማል። «እንግዲህ አባቴ፣ ይዙሩ። ማጅራትዎን ወደዚህ።»

ሲራክ አልገባውም። አንዴ ዘበኛውን አንዴ እኔን ያያል። «ክልክል ነው እኮ…» አለ።

«ዙር ተብለሃል፣ ዙር!» አለች ትርንጎ፤ እሷ ቀድማ ገብቷት ነበር።

በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። ከእኔ በኩል የማውቀው ማጅራት ብቻ ቀረ፤ ኮሌታው በግማሽ ጣት ዝቅ ያለ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ» አላት።

መዝገቤን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ እስክሪብቶ ፈለግሁ፤ አንድ አገኘሁና ቀለሙ ያለቀ አስመስዬ ሌላ ፈለግሁ። ዘበኛው ካርዱን ይዞ አጠገቤ ቆመ። የሲራክ ቀኝ ትከሻ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ ከዚህ በፊት መዝግቤው በማላውቅ አኳኋን ሁለቱም ትከሻዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኋላ አይለይም። ፊቱን ምን እንዳደረገው አላውቅም። የምታየው እሷ ነበረች። ገጹን ባዶ ተውሁት።

«ጨረስሽ?» አለኝ ዘበኛው።

«ገና ነኝ» አልሁት።